ብረቱ ሲያጨበጭብ

አሠልጣኝ የሆኑት አጎቴ የክብደት ማንሻውን ብረት መቆንጠጫ አጥብቀው አያውቁም። በዲስኩና በመቆንጠጫው መካከል ሁልጊዜ የአንድ ጣት ክፍተት ይተዋሉ። አዲስ የመጣ ስፖርተኛ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ላልቷል» ብሎ እጁን ከሰደደ፣ «ተወው! ብረትም ይተንፍስ እንጂ» ብለው ይቆጡታል። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። የእርጅና ስንፍና ነው ብዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ ሳጥኗን ይዤ ወደ ብረት ክፍሉ የገባሁ ዕለት፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መቆንጠጫውን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ማጥበቅ ነበር። ሌላውን የሚቆጡት አጎቴ እኔን አይተው አለፉኝ።

ሳጥኗ ግማሽ ጡብ ታክላለች። ወለል ላይ ትቀመጥና ከሆዷ የሚወጣው ቀጭን ገመድ ብረቱ ላይ ይታሰራል። ሰው ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ሲል ገመዱ ይሳባል፤ ሳጥኗም ብረቱ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ላይ እንደወጣ በቁጥር ትናገራለች። ነገሩ ይኸው ነው። ክብደቱንማ ማንም ያውቀዋል፣ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። የዛሬው ሰውነትሽ ግን የትም አልተጻፈም። ትናንት እንደ ላባ የወጣልሽ ብረት ዛሬ እንደ ሬሳ ይከብድሻል። ያው ብረት፣ ያቺው ሴት። ጉልበትሽ ሳይንቀጠቀጥ፣ ፊትሽ ሳይጠቁር፣ አንቺ ራስሽ መድከምሽን ሳታውቂ፣ ብረቱ ቀድሞ ይዘገያል። ፍጥነቱ ጥሩ ከሆነ ይጨመራል፤ ከወደቀ ይቀነሳል፤ በጣም ከወደቀ ብረቱ ወደ ማሳረፊያው ተመልሶ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። በተሰነጠቀ ስልክ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው ያነበብኩት። ሳጥኗም ተበላሽታ የተጣለች ነበረች፤ የጠገንኳት እኔ ነኝ። የስፖርት ትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ከዚያ የወጡትን ግን አይቻለሁ፣ የሚያስቀና ነገር አላገኘሁባቸውም።

«ይሄ ደግሞ የምን ገመድ ነው?» አሉ አጎቴ የመጀመሪያው ቀን። «ብረቱ አህያ ነው፣ እንዳይጠፋ የምታስሪው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቆጣሪ ሆኖ ቀረ። ያወጣልኝ ሽቦ የምንለው ልጅ ነው። ሽቦ ከፍታ ዘላይ ነው፤ ቁመት እንጂ ስፋት አልተሰጠውም። በበሩ ብቅ ባልኩ ቁጥር «ቆጣሪ መጣች፣ መብራት አጥፉ!» ይላል።

«አንተን ለመለካትማ ሳጥን አያስፈልግም» አልኩት። «ክር ይበቃል።»

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ አሎሎ ወርዋሪ ናት። አባታችን ሲሞት እሷ ልጅ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ገና በጨርቅ ነበርኩ። ያሳደጉን አጎቴ ናቸው፤ እሷን በአሎሎ፣ እኔን በቁጣ። በወለደች ጊዜ «አበቃላት» ያሏት ሰዎች ቢሰለፉ ሜዳውን ሁለቴ ይዞሩት ነበር። እሷ ግን ልጇን ለእናቴ ትታ፣ ከዳቦ ቤት ሥራዋ ስትወጣ ዱቄቱን ከፀጉሯ እያራገፈች ወደ ብረት ክፍሉ ተመለሰች። የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ቀርቦ ነበር። በእሷ ዕድሜ ከዚህ በኋላ ሌላ ምርጫ የለም። ወይ በዚህ ታልፋለች፣ ወይ ዕድሜዋን ሙሉ ዱቄት ታራግፋለች።

ለማለፍ ደግሞ መጀመሪያ በእግሯ ቆማ ምርጫው ቀን መድረስ ነበረባት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ባለፈው ዓመት ግንዱ የምንለው መዶሻ ወርዋሪ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ከብረት ሥር ወገቡን ይዞ ወደቀ። አጎቴ «ጨምሩለት» አሉ፤ ጨመሩለት። ዛሬ ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት።

ድሮ በእሳቸው ሥር የሠለጠኑ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑም። «ጋሼ? ጋሼ ናቸው እንዲህ ያደረጉት?» ይላሉ። «እኛ ብረት ስናነሳ እሳቸው እኮ ጀርባቸውን ሰጥተው ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ሳይዞሩ ‹ይበቃሃል፣ አውርድ› ይሉሃል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።» እኔ ይህን የሽማግሌ ተረት ነው ብዬ በአንድ ጆሮ አስገብቼ በሌላው አስወጣሁት።

ምርጫው ሲቃረብ የእታለም ፍጥነት መውረድ ጀመረ።

እታለም ሳጥኗን አታይም። ብረቱን መልሳ ታሳርፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ስንት ነው?» ትለኛለች። የተባባልነው ነገር አለ፤ ቁጥሩ ቢያስቀይማትም አልደብቃትም።

«ወርዷል» አልኳት።

«ከትናንቱ?»

«ከትናንቱም፣ ከትናንት በስቲያውም። እንቅልፍ ተኝተሻል?»

«ተኝቻለሁ።»

«ሳጥኗ አልተኛችም ትላለች።»

«ሳጥኗ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ስለሌላት ነው» አለችና ውሃዋን አነሳች።

ወደ አጎቴ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እታለም ደክማለች። ይቀንሱላት።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ማን አለ?»

«ቁጥሩ።»

«ቁጥር ደክሞት አያውቅም። የሚደክመው ሰው ነው። እሷ ደክሞኛል አለች?»

«እሷማ ብትሞትም አትልም!»

«እንግዲያው ጨምሩላት» አሉና ፊሽካቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

እህቴን ለብቻዋ ይዤ ለመንኳት። እሺ አትበያቸው፣ ሆዴን ቆረጠኝ በያቸው፣ ወገቤን በያቸው። «አባት ሆነው አሳድገውኛል» አለች። «እሳቸው ካሉ አሉ ነው። አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ።»

ምላሴን አልሰበሰብኩም። በዚያው ቀን ልምምዱ ካለቀ በኋላ አጎቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዲስኮቹን በየቦታቸው ሲደረድሩ ከኋላቸው ቆምኩ። ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። እርስዎ ማለቱን ተውኩት።

«አንተ ግትር ሽማግሌ! ግንዱን ሰበርክ፣ አሁን ደግሞ የእህቴ ተራ ነው?»

ተናግሬ ስጨርስ ጥፊውን ለመቀበል ዓይኔን ጨፈንኩ። እኚህ ሰው ከሜዳ ማዶ የተሰነዘረን ስድብ ተከትለው ሄደው የሚመልሱ ናቸው። እንኳን ይህን የሚያህል ስድብ ቀርቶ ማጉረምረምም አያልፉም።

ዲስክ ከዲስክ ጋር ቀስ ብሎ ሲደረደር ሰማሁ። ዓይኔን ገለጥኩ። ሥራቸውን ቀጥለዋል። ትከሻቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

ሳጥኗ ባትሪዋ ሲያልቅ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ጩኸት ታሰማለች። በዚያው ቅጽበት እግራቸው ሥር ሆና ጮኸች። በበሩ ብቅ ያለው ሽቦ ጆሮውን ይዞ «ኧረ ቆጣሪ፣ ልጅሽን አጥቢያት!» አለ። አጎቴ አጠገቧ ቆመው የመጨረሻውን ዲስክ በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። ወደ ታች አላዩም።

ከዚያ ዘወር ሲሉ አዩኝ። ዓይናቸው አፌ ላይ አረፈ። «ምን አልሽ?»

«ምንም። ደህና ዋሉ ነው ያልኩት።»

«እህ። ደህና ዋይ።»

ደጅ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስንት ነገር በአንድ ጊዜ ትርጉም ሰጠኝ። ሲያናግሩን ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚቆሙት። ከኋላ ሲጠየቁ ሳይመልሱ የሚያልፉት፣ እኛም ንቀት ነው ያልነው። ከዓመት ዓመት እየጨመረ የመጣው ጩኸታቸው። ግትር ያልናቸው ሰውዬ የምንላቸውን አይሰሙም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እታለምን ጠየቅኳት። «ጋሼ መቆንጠጫውን ለምንድን ነው የሚያላሉት?»

«ዲስኮቹ እንዲያጨበጭቡ ነዋ» አለች፣ ጥያቄው እያስገረማት። «አታውቂም? ፈጥነሽ ከተነሳሽ ጫፍ ላይ ስትደርሺ ዲስኮቹ ዘለው እርስ በርስ ይመታሉ፣ ቻ ይላሉ። ከዘገየሽ ድምፅ የላቸውም። ልጅ ሳለሁ ‹የእኔን ጩኸት ተይውና ብረቱን ስሚ› ይሉኝ ነበር። ብረቱ ካላጨበጨበ ያስወርዱናል። አሁን አሁን ትተውታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አሰበች። «እንጃ። ግንዱ ከመጎዳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

ለካ አጎቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ፍጥነት ሲለኩ ኖረዋል። ጥፍራቸውን እየቆረጡ ሳይዞሩ «ይበቃሃል» የሚሉት ለዚህ ነው። ሳጥናቸው ጆሯቸው ነበረ። እኔ የጠገንኳት ዓይነት ሳጥን ሲበላሽ ሰው አይቶ ያነሳታል፤ የእሳቸው ሲበላሽ ግን ማንም አላየም፣ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። መበለጥ አልወድም። ያን ቀን ግን የተበለጥኩት አላንገበገበኝም፤ ያንገበገበኝ ነገሩን ብቻቸውን መሸከማቸው ነው።

ለእታለም አልነገርኳትም። ብነግራት ከእሳቸው ይልቅ ለእሷ ይብስባታል፣ እያወቀችም «ጨምሩላት» ባሉ ጊዜ ከብረቱ ሥር ትገባለች። ለሌላ ሰው ብናገር ደግሞ ወሬው ፌዴሬሽን ይደርሳል። እዚያ አጎቴን ጡረታ ለማውጣት ሰበብ የሚፈልግ ባለከረባት ሰውዬ አለ። ምላሴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትታ ተቀመጠች።

ባለከረባቱ የመጣው በመጨረሻው የከባድ ብረት ቀን ነው። አግዳሚው ላይ መሐረቡን አንጥፎ ተቀመጠ። አጎቴ የተተኮሰ ቱታ ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ከሁሉም ሰው ፊት ለፊት ለመቆም ሲዟዟሩ ልቤ ተነካ። እስከዚያ ቀን ይህ መዟዟር ጉራ ይመስለኝ ነበር።

እታለም ማሟሟቂያውን ጀመረች። ዓይኗ ሥር ጥቁር ቀለበት ሠርቷል። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ብረቱን አሳረፈች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ስንት ነው?»

ሳጥኗን አየሁ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከእሷ አይቼ አላውቅም። «እታለም» አልኳት በቀስታ፣ «ከሁሉም ቀን የዛሬው ወርዷል። በዚህ ላይ ከተጨመረ ወገብሽ ነው የሚከፍለው።»

ወደ አጎቴ አየች። ሕፃን አባቱን የሚያየውን ዓይነት አስተያየት ነው።

«ጨምሩ!» አሉ አጎቴ።

ሽቦ ቀዩን ትልቁን ዲስክ አቅፎ መጣ። ባለከረባቱ ደስ ብሎት እግሩን አነባበረ።

አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። «አይሰሙም!» ብዬ ብጮህ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። እህቴን ታድናታለች፤ አጎቴን እዚያው በቁማቸው ትቀብራቸዋለች። ደግሞም እውነት ናት። እኔ እውነት ይዤ ዝም ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ሽቦ፣ ቆይ» አልኩት። ወደ ብረቱ ሄጄ በመጀመሪያው ቀን ያጠበቅኩትን መቆንጠጫ በቀኝም በግራም አላላሁት። ጣቴን በክፍተቱ አስገብቼ ለካሁ።

«ቆጣሪ፣ አብደሻል? ላላ እኮ» አለ ሽቦ።

«ብረትም ይተንፍስ እንጂ።»

አጎቴ ጣቴን አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

ወደ ሳጥኗ አልተመለስኩም። ሄጄ ከብረቱ ማሳረፊያ አጠገብ፣ ከአጎቴ ፊት ለፊት ቆምኩ። «እታለም፣ ቀዩ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ በቀላሉ አንዴ» አልኳት። ትንንሾቹን ዲስኮች ብቻ አስቀረንላት። ቁጭ አለች፣ ተነሳች፤ ቀላል ነውና ጫፍ ላይ ዲስኮቹ ቻ አሉ። እኔም በዚያው ቅጽበት፣ እንደሚያበረታታ ሰው ሆኜ፣ በደረቴ ትክክል አንዴ አጨበጨብኩ።

አጎቴ ዓይናቸውን ከእህቴ ላይ አንስተው እጄ ላይ ጣሉት።

«አሁን ቅድም በነበረው» አልኩ። ሽቦ እያጉረመረመ ዲስኮቹን መለሰ። እታለም ገባችበት። ቁጭ አለች። ስትነሳ ብረቱ ከጉልበቷ በላይ እንደ ጉም እየተጎተተ ወጣ። ቀጥ ብላ ቆመች። ዲስኮቹ አልተነቃነቁም። ክፍሉ ውስጥ የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

መዳፎቼን ፊት ለፊት ዘርግቼ፣ በመካከላቸው አየር ብቻ ትቼ፣ ሳልገጥማቸው ቆምኩ።

አጎቴ እጆቼን አዩ። ከዚያ ዓይኔን አዩ። አወቁ። ማወቄንም አወቁ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ቁጣ መጣ፣ የማውቀው ቁጣ፤ እሱ ሲሄድ ከሥሩ የማላውቀው ፍርሃት ወጣ። ይህን የሚያህል ሰው ሲፈራኝ ማየት አልፈለግኩም። እጆቼን ግን አላወረድኩም።

«ይበቃል» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር። «አውርዱት። ዛሬ ቀይ የለም። እስከ ምርጫው ድረስም ከባድ የለም።»

ባለከረባቱ ከጎን በኩል «ምነው ጋሼ? ገና መጀመሯ አይደል?» አለ።

አጎቴ ወደ እህቴ እያዩ ነበር። አልመለሱም። ባለከረባቱ ቅንድቡን አነሳ፤ ጥያቄውን ሊደግም፣ ከዚያም ሌላ ነገር ሊያስብ ነው። ፈጥኜ አጎቴ ፊት ተደቀንኩ።

«ጋሼ፣ ‹ገና መጀመሯ አይደል› ይላሉ። እርስዎ ይመልሱላቸው፤ እኔ ከመለስኩ ተሳዳቢ ነች እባላለሁ።»

አጎቴ ቀስ ብለው ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ብረቱ ዝም አለ» አሉት። «ብረት ዝም ሲል አሠልጣኝ ይናገራል። ሥራችን እንዲህ ነው።»

ሰውዬው የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። እታለም ብረቱን አሳርፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ፎጣውን ፊቷ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ሽቦ ፎጣውን ገልጦ አይቶ ምንም ቀልድ ሳይናገር መልሶ ሸፈናት።

ሁሉም ሲወጡ አጎቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሰደብኩዎት ቀን ጀምሮ።»

«ምን ብለሽ ነበር?»

«ግትር ሽማግሌ።»

«ይሄን ለማወቅማ ጆሮ አያስፈልግም» አሉ። ፈገግ ሊሉ ጀምረው ተዉት። ፊሽካቸውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «ግንዱ ሲነሳ» አሉ፣ «ዲስኮቹ ያጨበጨቡ መሰለኝ። እምልልሻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ለካ የሰማሁት የድሮውን ነው። ሰው ስንት ዘመን የሰማው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል። ያላጨበጨበ ብረት ሰምቼ ልጁን…»

አጽናኝ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ለስድብ የሚሆን ነው እንጂ የተማርኩት ለዚህ የሚሆን የለኝም። እጃቸውን ያዝኩ። ሻካራ ነበር፣ እንደ ብረቱ መያዣ።

«ገመድሽን እሰሪው» አሉኝ ቆይተው። «መቆንጠጫውን ግን እንዳታጠብቂ።»

ምርጫው እስኪደርስ ቀለል ባለ ብረት፣ በፍጥነት ብቻ ሠራን። ሳጥኗ እግሬ ሥር፣ እኔ ከአጎቴ ፊት ለፊት። ብረቱ ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፤ ዝም ሲል መዳፌን እዘረጋለሁ። «ቆጣሪ ዛሬ ዘማሪ ሆነች» አለ ሽቦ። እናቴ ሕፃኑን ማታ ማታ ወደ እሷ ክፍል ወሰደችው። የእታለም ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ወጣ፤ ትከሻዋም ከቁጥሩ ጋር ወጣ።

የምርጫው ቀን የመጀመሪያ ውርወራዋ አጠረ። ሁለተኛው ከመስመር ውጭ ሆነ። ለመጨረሻው ክብ ውስጥ ስትገባ አሎሎውን አንገቷ ሥር ሸጉጣ ለረጅም ጊዜ ዝቅ አለች። ከዚያ እግሮቿ ተፈናጠሩ። እንዲያ ፈጥና ስትነሳ ያየኋት ብረት ክፍሉ ውስጥ በቀላሉ ብረት ብቻ ነው። አሎሎው የማለፊያው ርቀት ምልክት አካባቢ ወርዶ አቧራው ዳኞቹን ሸፈናቸው። ጎንበስ ብለው ሜትር ዘረጉ።

ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። ሜዳው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ድምፁ ተሰማ፣ ጩኸት ተነሳ፣ እታለም ክቡ ውስጥ በጉልበቷ ተንበረከከች። ለደስታም ይሁን ለኀዘን ከጀርባዋ አይለይም።

አጎቴ ያዩት እሷን አልነበረም። እኔን ነበር ያዩት። ሳጥኗን ይዤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ቁጥር ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ስንት አለ?» አሉኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሜዳው ሙሉ እስኪሰማኝ እጮህ ነበር። ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ፤ ፀሐይዋ አፌ ላይ እንድታርፍ ትንሽ ዘወር አልኩና፣ ከንፈሬን እየገለጥኩ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ከማለፊያው በአንድ ስንዝር በልጧል።

ዓይናቸው ከአፌ ላይ አልተነሳም።

«ድገሚው» አሉ።

መስማቱንማ ከከንፈሬ ሰምተዋል። ደገምኩላቸው።